ያለ ቀላድ አገር የለካው አንትዋን ዳባዲ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በመሬት ቅየሳ ሙያ የተሰማራን ሰዎች በተገናኘን ቁጥር ከምናነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ድሮን የተባለው አነስተኛ ሰው አልባ አውሮፕላን ምን ተሸክሞ ይብረር የሚለው ነው። ከፊሎቻችን የሌዘር መቃኛ ይሸከም እንላለን። ከፊሎቻችን ደግሞ ካሜራ ይበቃዋል፤ ፎቶግራፎቹ ተደራርበው ከተነሡ ካርታው ከእነርሱው ይወጣል እንላለን። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመራው በመሣሪያ ዋጋና በሻጮች መግለጫ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ በመሠረቱ አዲስ አይደለም። የትኛው መሣሪያ፣ ለየትኛው ምድር፣ ለየትኛው ጥያቄ፣ በምን ያህል ስሕተት የሚለው ጉዳይ ቅየሳ ሙያ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ከቀያሹ ጋር አብሮ የኖረ ነው።

ስለ ድሮን ቅየሳ አንድ ጽሑፍ ለማኅበራችን መጽሔት እንዳቀርብ ስጠየቅ የሁለቱን መሣሪያዎች ዝርዝር በሰንጠረዥ ከመደርደር ይልቅ፣ ይህንኑ ጥያቄ በአገራችን ተራሮች ላይ ከ180 ዓመታት በፊት የተጋፈጠን አንድ ሰው ሕይወት ማስታወስ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። ሰውየው አንትዋን ዳባዲ ነው። የታሪክ ተማሪዎች በግእዝ ብራናዎቹ፣ የቋንቋ ሊቃውንት በአማርኛ መዝገበ ቃላቱ ያውቁታል። እኛ ቀያሾች ግን በሙያው የኛ ሰው መሆኑን እምብዛም አናስበውም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልደቱና ዝግጅቱ

አንትዋን ዳባዲ የተወለደው ጃንዋሪ 3 ቀን 1810 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ነው። አባቱ በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ከሚገኘው የባስክ ሕዝብ የተወለደ ሲሆን፣ እናቱ አየርላንዳዊት ነበረች። ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ የተመለሰው እርሱ ገና ልጅ ሳለ ነበርና ትምህርቱን የተከታተለው በዚያ ነው። ሕግ ቢማርም ልቡ ያዘነበለው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ነበር። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል መለዋወጥ እንዲመለከት ወደ ብራዚል ላከው። ይህ ሥራ ለወጣቱ ዳባዲ ጥሩ ማሠልጠኛ ሆነለት። የመሣሪያን ጠባይ በየሰዓቱ መከታተልን፣ የተነበበውን ሁሉ መመዝገብን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ንባብ በተለወጠ ጊዜ ለውጡ ከተፈጥሮ ይሁን ከመሣሪያው ለይቶ መጠየቅን የሚያስለምድ ሥራ ነበር።

በፌብሩዋሪ 1838 ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ወረደ። ወንድማማቾቹ በትግራይ በኩል አቋርጠው በዚያው ዓመት ጎንደር ገቡ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ትግራይንና ሰሜንን ደጃዝማች ውቤ፣ ቤጌምድርን ራስ አሊ፣ ጎጃምን ደጃዝማች ጎሹ ይገዙ ነበር። ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው መሻገር የባላባቱን ፈቃድ፣ መንገድ መሪ፣ እጅ መንሻና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር።

እዚህ ላይ በዳባዲ ሕይወት ውስጥ ለእኛ ሙያ ትልቅ ትምህርት የሚሰጥ አንድ ውሳኔ እናገኛለን። ጎንደር ደርሶ የአገሩን ስፋትና የተራሮቹን ከፍታ ከተመለከተ በኋላ፣ ይዟቸው የመጣቸው መሣሪያዎች ለታሰበው ሥራ እንደማይበቁ ተረዳ። ወንድሙን ትቶ ያንን ሁሉ መንገድ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች ይዞ እንደገና ምጽዋ የደረሰው በ1840 ነበር። ባለው መሣሪያ መሥራት ቀላል ነበር፤ ውጤቱንም ያን ጊዜ የሚቃወም አልነበረም። እርሱ ግን በመጀመሪያ ምድሩን አየ፣ ቀጥሎ መሣሪያውን መረጠ። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንሠራው በተገላቢጦሹ ነው። መሣሪያውን እንገዛና ምድሩን እናስገድደዋለን።

የተራራ ጫፎች መረብ

በዚያ ዘመን አገር የሚለካበት የታወቀው መንገድ የሦስት ማዕዘን መረብ ነበር። በመጀመሪያ በሜዳ ላይ አንድ መነሻ መስመር በበትር ወይም በሰንሰለት በጥንቃቄ ይለካል። ከዚያም ከመስመሩ ሁለት ጫፎች ወደ ሦስተኛ ነጥብ ማዕዘን እየተለካ መረቡ ይሰፋል። ፈረንሳይም እንግሊዝም የተለኩት እንዲህ ነው። ዘዴው እጅግ ትክክለኛ ቢሆንም መነሻ መስመሩን ለመለካት ብቻ ሳምንታት ይወስዳል። በየተራራው ላይ የቅየሳ ምልክት ማቆምና ምልክቱ እንዳይነቀል ማስጠበቅም ያስፈልጋል። በዘመነ መሳፍንት በየባላባቱ ምድር ላይ የማይታወቅ እንጨት እየተከሉ መዞር ምን ያህል ጥርጣሬ እንደሚያስነሣ ለመገመት አያዳግትም። አገሬው በኋላ ዘመን መሬትን በቀላድ ሲለካ እንኳ የቀላዱ መምጣት ገበሬውን ያስፈራው እንደ ነበር እናውቃለን።

ስለዚህ ዳባዲ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ያለ ቀላድ መለካትን። ምልክት አልተከለም፤ ተፈጥሮ የተከለቻቸውን የተራራ ጫፎች፣ ገደሎችና ከሩቅ የሚለዩ ቦታዎች እንደ ምልክት ተጠቀመባቸው። በአንድ ጫፍ ላይ ይቆምና አድማሱን በሙሉ በቴዎዶላይቱ ይዞራል። የእያንዳንዱን ጫፍ አግድም ማዕዘንና ከፍታ ዝቅታውን ያነባል። አቅጣጫውን በፀሐይ ያረጋግጣል፤ ስሙንም ከአገሬው ጠይቆ ይጽፋል። መነሻ መስመር አልነበረውምና ርቀቱን ያወጣው ከሰማይ ነው። ርቀው የሚተያዩ ሁለት ተራሮችን ላቲትዩድ በከዋክብትና በፀሐይ እየለካ፣ ከልዩነታቸውና ከአቅጣጫቸው በመካከላቸው ያለውን ርቀት ያሰላ ነበር። ይህንኑ አሠራር ፈጣን ጂኦዴሲ ሲል ሰየመው።

የዘዴውን ጥቅምና ጉዳት በቁጥር ማየት ይበጃል። አንድ ሴኮንድ የላቲትዩድ ልዩነት መሬት ላይ 31 ሜትር ያህል ነው። በሁለት ተራሮች መካከል ያለው የላቲትዩድ ልዩነት አንድ ዲግሪ ቢሆንና በእርሱ ላይ የ10 ሴኮንድ ስሕተት ቢገባ፣ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መስመር በ300 ሜትር ገደማ ይሳሳታል። ከ360 አንድ ማለት ነው። በበትር የተለካ መነሻ መስመር ከመቶ ሺህ አንድ እንኳ ላይሳሳት ይችላል። በዚህ ብቻ ብንመዝነው የዳባዲ ምርጫ ደካማ ይመስላል። ሆኖም አንድ ነገር እናስተውል። በሰንሰለት መልክ የተያያዘ ልኬት ስሕተቱን ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተሸከመ ይሄዳል። ከከዋክብት የተገኘ ላቲትዩድ ግን በየቦታው ራሱን የቻለ ነውና የምጽዋው ስሕተት ወደ ከፋ አይሻገርም። ከምጽዋ እስከ ከፋው ቦንጋ ከ8 ዲግሪ የሚበልጥ ላቲትዩድ፣ በቀጥታ ቢለካ ከ900 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ርቀት አለ። ለዚህ ስፋት፣ በአንድ ሰው ጉልበት፣ በዚያ ዘመን የተሻለ መንገድ ማግኘት ይቸግራል። የፈለገው የአገሩን ቅርጽ እንጂ የጓሮ ወሰን አልነበረም፤ ስለዚህ ለጥያቄው የሚበቃውን ትክክለኛነት አወቀና በእርሱ ረካ።

ከፍታን በተመለከተም ሁለት መንገዶችን ይጠቀም ነበር። አንደኛው ውኃ የሚፈላበትን ሙቀት በልዩ ቴርሞሜትር መለካት ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ ከፍታውን ማስላት ይቻላል። ነገር ግን የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ስሕተት ከፍታውን በ30 ሜትር ያህል ያዛባዋል። ሁለተኛው ከተራራ ወደ ተራራ የከፍታ ማዕዘን ማንበብ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የምድር ክብነት ይገባል። በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ክብነቱ ብቻ 785 ሜትር ያህል ዝቅታ ይፈጥራል፤ በአየር ውስጥ የብርሃን መታጠፍም ይጨመርበታል። መፍትሔው ከሁለቱም ተራሮች እርስ በርስ ማንበብ ነው፤ ያን ጊዜ የአየሩ ስሕተት በአመዛኙ ይጣፋል። አንዱን መሣሪያ በሌላው መፈተን ማለት ይህ ነው።

ከአየር ጤና ሲታይ

ዳባዲ ሸዋን አልረገጠም። ወደ ግቤ አገሮች የወረደው ከጎጃም ተነሥቶ ዓባይን በመሻገር ነበር። ይሁንና በዛሬዋ አዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚገኘው አየር ጤና ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ቀያሽ የዳባዲ አሠራር ወዲያው ይገባዋል። በስተ ምዕራብ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ፣ በስተ ደቡብ ፉሪ፣ በስተ ሰሜን ምሥራቅ እንጦጦ ማንም ሳይተክላቸው የቆሙ ምልክቶች ናቸው። በሰፈሩ የሚያልፈው የጅማ መንገድም በሰበታና በወሊሶ አድርጎ ወደ ግቤ፣ ማለትም ዳባዲ ወደ ለካው ምድር ይወርዳል።

የዛሬው ጥያቄ ግን ከተራራው ጫፍ ወርዶ ሰፈሩ መካከል ገብቷል። በአየር ጤናና በአካባቢው ያለውን ምድር እንመልከት። የቆርቆሮ ጣሪያ ከቆርቆሮ ጣሪያ ጋር ተጠጋግቷል። በመካከሉ የባሕር ዛፍ ያለበሰው ተዳፋት አለ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚቦረቦር ፈፋ አለ፤ አዲስ የተቆረጠና የተሞላ አፈር አለ። ለምሳሌ ያህል ሦስት ሥራዎች በአንድ ጊዜ ቢመጡልን እንዴት እንወስን? አንደኛው የይዞታ ወሰን መመዝገብ፣ ሁለተኛው በባሕር ዛፍ በተሸፈነ ፈፋ ላይ የጎርፍ መውረጃ መንደፍ፣ ሦስተኛው የተቆረጠ አፈር መጠን ማስላት ይሁን።

ለወሰን ምዝገባ ፎቶግራፉ ይሻላል። በተለመደው ባለ 20 ሚሊዮን ነጥብ ካሜራ ከ100 ሜትር ከፍታ ሲነሣ፣ በፎቶግራፉ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ መሬት ላይ 2.7 ሳንቲሜትር ያህል ትሸፍናለች። የግንብ ጠርዝ፣ የአጥር ማዕዘን፣ ቀለም የተቀባ ድንጋይ በግልጽ ይታያል። ሌዘሩ በአንድ ካሬ ሜትር 200 ነጥቦች ቢጥል እንኳ በነጥብና በነጥብ መካከል 7 ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት ይኖራል፤ ጠርዙ ከክፍተቱ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ከዚህም በላይ ፎቶግራፍ በባለ ይዞታውና በጎረቤቱ ዓይን የሚነበብ ሰነድ ነው። በገጠሩ ክፍል ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሲሰጥ ገበሬዎች ተሰብስበው በፎቶ ካርታው ላይ ወሰናቸውን በጣታቸው ያሳዩት በዚህ ምክንያት ነው። በከተማም የይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 በእኛ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፣ በካርታ ላይ የሚሰመረው መስመር የሰው መብት የሚጸናበት መስመር ሆኗል። ሆኖም ፎቶግራፍ ከላይ የሚያየው የጣሪያውን ክፈፍ እንጂ ከሥሩ ያለውን ግድግዳ አይደለም። የክፈፉን ጠርዝ እንደ ግድግዳ የወሰደ ቀያሽ የአንዱን ቦታ ግማሽ ሜትር ቆርሶ ለሌላው ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ቦታ በእግር ሄዶ መለካት ግዴታ ነው።

ለፈፋው ግን ሌዘሩ ይሻላል። ፎቶግራፍ በባሕር ዛፍ ላይ ሲነሣ የሚያሳየው ቅጠሉን ነው። ከሥሩ ያለው መሬት በስሌት የተገመተ እንጂ የታየ አይደለም። የሌዘር ብርሃን ግን በሴኮንድ በመቶ ሺህ በሚቆጠር ምት ሲረጭ፣ ከፊሉ በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ መሬቱን ነክቶ ይመለሳል። የመጨረሻዎቹን ተመላሾች ለይቶ የምድሩን ቅርጽ ማውጣት ይቻላል። የጎርፍ መውረጃ የሚነደፈው በምድሩ ቅርጽ ላይ ነውና፣ በቅጠል ከፍታ የተነደፈ ቦይ ክረምቱ ሲገባ የሰው ቤት ያጥለቀልቃል። ይህም ሆኖ ሌዘር ሁሉን አይበሳም። ጥቅጥቅ ያለ ሣርና ቁጥቋጦ ምቱን ከላይ ይመልሰዋል፤ ውኃም በእነዚህ መሣሪያዎች የሚለቀቀውን ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል።

ለአፈሩ ስሌት፣ ምድሩ የተራቆተ ስለሆነ፣ ካሜራው ይበቃል። በዚህ ላይ ለሌዘር የሚወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ውጤቱን እምብዛም አያሻሽለውም።

ሁለቱም መሣሪያዎች በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ራሳቸውን ችለው አይቆሙም። የፎቶግራፎቹ መረብ የመሬት መቆጣጠሪያ ነጥብ ካላገኘ ከመካከሉ እንደ ሳሕን ይጎብጣል፤ ፎቶው ሲያዩት ግን እጅግ ያማረ ነው። የሌዘሩ ነጥቦች በበኩላቸው የሚቆሙት ድሮኑ ላይ በተገጠመው የሳተላይት መቀበያና የዘንበል መለኪያ ላይ ነው። የዘንበሉ ንባብ በ0.03 ዲግሪ ቢሳሳት፣ በ100 ሜትር ርቀት ነጥቡ ከ5 ሳንቲሜትር በላይ ይስታል። ዳባዲ በቴዎዶላይቱ ያደረገው ስሌት ይኸው ነው፤ የተለወጠው ርቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንዶቹን ነጥቦች ለማስተካከያ፣ ሌሎቹን ለመፈተኛ ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል። ባስተካከልንበት ነጥብ ሥራችንን ብንፈትን ራሳችንን እናመሰግናለን እንጂ አንመረምርም።

በአየር ጤና ላይ የሚበር ድሮን ሌላም ዕዳ አለበት። የሰፈሩ አየር እንደ ስሙ ለጤና ተስማሚ ሊሆን ይችላል፤ ለድሮን ክንፍ ግን ስስ ነው። በ2,300 ሜትር ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው በአምስት እጅ አንዱን ያህል ያንሳል። ሌዘር የተሸከመ ከባድ ድሮን በመግለጫው የተጻፈለትን ጊዜ ያህል እንደማይበር አስቀድሞ አውቆ የበረራውን ዕቅድ በዚያው ልክ ማውጣት ይገባል።

የግቤ ስሕተት

ወደ ዳባዲ እንመለስ። በ1843 ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ሊሙ እናርያ ደረሰ። የዚያን ጊዜው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከከፋ ንጉሥ ቤተሰብ ሙሽራ ለማምጣት በላካቸው መልእክተኞች አማካይነት ከፋ ገብቶ ቦንጋን አየ። በእነዚህ ዓመታት ነጭ ዓባይ ከየት ይነሣል የሚለው ጥያቄ የአውሮፓን ጂኦግራፊ ተመራማሪዎች ሁሉ ይዟቸው ነበር። ዳባዲም የግቤን ወንዞች ካየና አቅጣጫቸውን ከለካ በኋላ መልሱን ያገኘ መሰለው። በ1846 ከወንድሙ ጋር ተመልሶ ወደ ግቤ ምንጭ በመውጣት፣ የነጭ ዓባይ ዋና ምንጭ ይህ ነው ብሎ ወሰነ።

ልኬቱ ትክክል ነበር፤ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነበር። ግቤ ወርዶ ኦሞ ይሆናል፤ ኦሞም የሚገባው ቱርካና ሐይቅ ነው እንጂ ዓባይ አይደለም። የቱርካናን ሐይቅ አውሮፓውያን የደረሱበት በ1888 ሲሆን፣ ጣሊያናዊው ቦቴጎ ኦሞን ተከትሎ ሐይቁ ድረስ የወረደው በ1896 ነበር። ዳባዲ የወንዙን ራስ አየ፤ መውደቂያውን ግን አላየም። ያላየውን በለካው ላይ ቀጠለና ያልተለካው ክፍል የተለካውን ክብር ተከናንቦ ወጣ።

ስሕተቱም ዋጋ አስከፍሎታል። በዚያው ዘመን ጎጃምን የዞረው እንግሊዛዊ ተጓዥ ቻርልስ ቤክ የነጭ ዓባዩን ድምዳሜ ተቃወመ። ተቃውሞውን በዚያ ሳይገታ ዳባዲ ከፋን ማየቱን ጭምር ተጠራጠረ። የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1850 ለዳባዲ ወንድማማቾች የወርቅ ሜዳልያ በሰጠ ጊዜ ቤክ ቀድሞ ከዚያው ማኅበር የተቀበለውን ሜዳልያ መለሰ። ከጊዜ በኋላ ዳባዲ ከፋ መግባቱ ተቀባይነት አገኘ፤ የምንጩ ድምዳሜ ግን ወደቀ። አንድ ሐሳብ ከልኩ በላይ በመዘርጋቱ እውነተኛው ሥራም አብሮ ለጥርጣሬ ተጋለጠ።

ይህን ታሪክ በዛሬው ሥራችን ላይ ብናነጥፈው በደንብ ይገጥማል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሌዘር ነጥቦች በቀለም አሸብርቀው በስክሪን ላይ ሲታዩ ተመልካችን ሁሉ ያሳምናሉ። ባለሥልጣኑም ባለ ገንዘቡም ይህን ካየ በኋላ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። ነገር ግን የነጥቡ ብዛት ግንቡ የቆመበትን ቦታ እንጂ ግንቡ በትክክለኛው ወሰን ላይ መቆሙን አይናገርም። ያንን የሚናገሩት ሰነዱ፣ ጎረቤቱና የቀበሌው ሽማግሌ ናቸው። ቀያሹ የለካውንና የገመተውን በአንድ ቀለም ከቀባ የዳባዲን ስሕተት ደገመ ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚከፍለው እርሱ ሳይሆን ቦታው የተቆረሰበት ሰው ነው።

የኋለኛው ሕይወቱ

ዳባዲ ኢትዮጵያን የለቀቀው በ1848 ነበር። በእነዚያ ዓመታት ዓይኑን ታሞ ሥራውን ለጊዜው እስከ ማቋረጥ ደርሶ ነበር። ከመስክ ሥራው ይልቅ የስሌቱ ሥራ ረዥም ጊዜ ወሰደ። የልኬቱ መዝገቦች ሮዶልፍ ራዶ በተባለው ሊቅ እየተመረመሩ ታተሙ፤ የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ የተሰኘው መጽሐፉ ተሟልቶ የወጣው በ1873 ነበር። መስኩን ከለቀቀ ከ25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ድሮን በአንድ ቀን ያነሣውን ፎቶ በማግሥቱ ካርታ አድርገን የምናስረክብ ሰዎች ይህን መዘግየት እንደ ስንፍና ልናየው እንችል ይሆናል። ነገር ግን ዳባዲ ያሳተመው ካርታውን ብቻ አልነበረም። ንባቦቹን ጭምር አሳተመ፤ ይህም ሌላው ሰው ስሌቱን ደግሞ እንዲፈትነው ነው። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምናስረክበው ያለቀለትን ካርታ ነው፤ የመፈተኛ ነጥቦቹ ልዩነት፣ የበረራው መዝገብ፣ የተጠቀምንበት የከፍታ መነሻ ከኮምፒዩተራችን አይወጣም።

ሌላው የዳባዲ ጥረት የስም ጉዳይ ነበር። ካርታ ስም ከሌለው ሥዕል ብቻ እንደሚሆን ተረድቶ አማርኛንና ግእዝን ተማረ። የሰበሰባቸውን 234 የብራና መጻሕፍት የሚገልጽ ዝርዝር በ1859 አሳተመ፤ ብራናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የአማርኛ መዝገበ ቃላቱ የታተመው በ1881 ነበር። የቦታ ስም በትክክል ለመጻፍ የአገሩን ፊደልና ድምፅ ማወቅ ግድ መሆኑን ያመነ ቀያሽ ነበር።

በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ፣ ሄንዳይ በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ አባድያ የሚባል ቤተ መንግሥት የሚመስል ቤት አሠራ። ሥራው ከ1864 እስከ 1879 ቆየ። በውስጡ የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ የግድግዳ ሥዕሎችና በፊደላችን የተጻፉ ቃላት ይገኛሉ። በዚያው ቤት የከዋክብት መመልከቻ አቋቁሞ፣ ቱንቢ በእርግጥ ወደ ምድር መካከል ቀጥ ብሎ ይወርዳል ወይስ ይዘነበላል የሚለውን ጥያቄ በጥልቅ ጉድጓድ ይመረምር ነበር። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ትልቅ ተራራ ቱንቢን ወደ ራሱ ይስባል፤ ላቲትዩድ ደግሞ የሚለካው በቱንቢና በውኃ ልክ ነው። በሰሜን ተራሮች መካከል ከከዋክብት ላቲትዩድ ያወጣ ሰው ይህ ስሕተት በልኬቱ ውስጥ ተደብቆ ሊቀመጥ እንደሚችል ያውቃል። ዛሬም ነገሩ አላበቃም። ሳተላይት የሚሰጠን ከፍታ የሚቆጠረው ከሒሳባዊው የምድር ቅርጽ ነው፤ ውኃ የሚወርደው ግን በቱንቢው ሕግ ነው። ሁለቱን ሳይለይ የጎርፍ ቦይ የነደፈ መሐንዲስ፣ ሌዘርም ይጠቀም ፎቶግራፍ፣ በቦዩ ቁልቁለት ላይ ሊሳሳት ይችላል።

ዳባዲ በ1867 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በ1882 ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት ወደ ሐይቲ የተላከውን ቡድን መርቶ ሄደ፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 72 ዓመት ነበር። በ1892 የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ወንድሙ አርኖ ሞተ። እርሱም ማርች 19 ቀን 1897 በፓሪስ ዐረፈ።

እርሱ ከሞተ 60 ዓመት በኋላ፣ ከ1957 እስከ 1961 በተካሄደው የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ጊዜ፣ አዲንዳን በተባለው መነሻ ላይ የተመሠረተ ዘመናዊ የልኬት መረብ ወደ አገራችን ገባ። ከዚያም በአየር ፎቶግራፍ 1፡50,000 መጠን ያላቸው ካርታዎች ተሠሩ። ዳባዲ በፀሐይና በከዋክብት የተከላቸው ነጥቦች በአዲሱ መረብ ተተኩ። ይህ ለቀያሽ ውርደት አይደለም፤ ሥራው ለመተካት የሚበቃ መዝገብ ማቆየት ነውና።

የዳባዲ ኑዛዜ ለእኛ እንደ ሥራ ውል ሊነበብ ይችላል። አባድያን ከነንብረቱ ለሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስ በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት ዝርዝር እንዲዘጋጅ ግዴታ አስገባበት። ሥራው ምን እንደሆነ፣ መጠኑ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያልቅ ወሰነ። በምን መሣሪያ ይሠራ የሚለውን ግን ለሚሠሩት ሰዎች ተወላቸው። በእኛ አገር የሚወጡ ብዙ የቅየሳ ውሎች ግን የሚጀምሩት ከመሣሪያው ስም ነው። ውሉ አስቀድሞ የሚፈቀደውን ስሕተት በሳንቲሜትር፣ መፈተኛ ነጥቦቹን በቁጥር፣ የከፍታውን መነሻ በስሙ ቢወስን፣ በአየር ጤና ተዳፋት ላይ ሌዘር ይብረር ወይስ ካሜራ የሚለው ክርክር በአብዛኛው ገና ድሮኑ ሳይነሣ መልስ ያገኛል።